ጤና ጣቢያ ይስፋ ወይስ ውሃ ይግባ?
አዲስ አበባ ዳር ባሉት የቱሉ ዲምቱና የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ በጀት ቢገኝ የቱ ይቅደም?

ጤና ጣቢያው ያስፈልጋል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ካገኘ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ቤት ሲመለስ ግን የሚጠብቀው ያው ቢጫ ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ካልመጣ ከጋሪ ይገዛል። 20 ሊትሩ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለልብስ ሲከፋፈል መጀመሪያ የሚቀረው እጅ መታጠብ ነው። አቅም ያለው ሮቶ ያስቀምጣል። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ቆርቆሮ ቤት የተከራየችው የቀን ሠራተኛ ግን ለአንድ ጀሪካን ትከራከራለች። የጤና ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ልዩነትን ማኅበራዊ መንስኤዎች እንዲያጠና ያቋቋመው ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2008 ያስቀደመው ምክር የዕለት ኑሮን ማሻሻል ነበር።

እኔ ውሃውን አስቀድማለሁ። ምጥ ለያዛት እናት ግን ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ አምቡላንስ የሚገባበት መንገድም አብሮ ይሠራ።