የጥላ ካቢኔውን ማን ይምረጥ፦ እንደራሴዎቹ ወይስ መሪው?

የጥላ ካቢኔ የመንግሥትን ሚኒስትሮች አንድ በአንድ የሚከታተልና የሚሞግት የተቃዋሚ ፓርቲ ቡድን ነው። የብሪታንያው ሌበር ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥልጣን ሲያጣ፣ 19 የጥላ ካቢኔ ወንበሮችን በድምፅ የሞሉት የፓርቲው እንደራሴዎች ነበሩ። 49 ሰዎች ተወዳደሩ። ድምፁ ግን ሰውን እንጂ ሥራውን አይመርጥም፤ የትኛው ሰው የትኛውን ሚኒስትር እንደሚከታተል የሚወስነው መሪው ነው። ኢቬት ኩፐር አንደኛ ቢወጡም የገንዘብ ሚኒስቴሩ ክትትል ለአላን ጆንሰን ተሰጠ፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ በጥር 2011 ለቀቁ። ዕጩዎች መንግሥትን ከመሞገት ይልቅ ባልደረቦቻቸውን ድምፅ ሲለምኑ ይከርማሉ። በባልደረቦቹ የተመረጠን ሰው ማንሳትም ለመሪው ራስ ምታት ነው። ፓርቲው አሠራሩን በ2011 ሻረው።

በመሪ ሹመት ቡድኑ በቀናት ውስጥ ይቆማል፤ ክፍተትም ወዲያው ይሞላል። እንከኑ መሪው የእንደራሴዎቹን አመኔታ ሲያጣ ይወጣል። በሰኔ 2016 ከያኔው የሌበር መሪ ከጄረሚ ኮርቢን የጥላ ካቢኔ ከ20 በላይ ሰዎች በቀናት ውስጥ ለቀቁ፤ እንደራሴዎቹም 172 ለ40 አመኔታ ነፈጉት። ሰው በመጥፋቱ የ81 ዓመቱ ፖል ፍሊን ሁለት ኃላፊነት ደርበው ያዙ።

ለተመናመነ ፓርቲ ግን ሹመቱ ይሻላል። በ2024 ከሥልጣን የወረደው የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ የቀሩት 121 እንደራሴዎች ነበሩ፤ ከዚህ ላይ ፉክክር ቢጨመር ለሥራ የሚተርፍ ሰው አይኖርም። ደግሞም ከመሪውና ከጥቂት የፓርቲ ተጠሪዎች በቀር ለጥላ ሚኒስትርነት ተጨማሪ ደመወዝ የለም።