ከማጣሪያው በፊት ውኃችንን ለመረመሩልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህንን ጽሑፍ የማቀርበው የትኛውን የውኃ ማጣሪያ እንደምንገዛ ግራ በተጋባንበት ወቅት ለደረሱልን አንድ የውኃ ጥራት ምርመራ ባለሙያ ልባዊ ምስጋናዬን ለመግለጽ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬ አልጠቅሰውም። ሥራቸው ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም።

ከቧንቧችን ጠዋት ጠዋት የሚወርደው ውኃ ቢጫ ይል ነበር፤ የክሎሪን ሽታውም ከበድ ያለ ነበር። በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ስላለን ጉዳዩን በዝምታ ልናልፈው አልቻልንም። በዚሁ መካከል አንድ የማጣሪያ ሻጭ ቤታችን መጥቶ የእኛን ውኃና እርሱ ያጣራውን ውኃ በሁለት ብርጭቆ አስቀመጠና ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዙ ዘንጎች ነከረባቸው። የእኛው ወዲያውኑ ቡናማ ሆኖ ደፈረሰ፣ የእርሱ ግን እንደጠራ ቀረ። ባለሙያው ይህንን ስንነግራቸው ምክንያቱን በትዕግሥት አስረዱን። የዘንጎቹ ብረት ማዕድን ባለበት ውኃ ውስጥ በኤሌክትሪኩ ኃይል እየሟሟ ዝገት ይሆናል፤ ማዕድኑ የወጣለት ውኃ ግን ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ ምንም አይታይበትም። በተጣራው ውኃ ላይ ቁንጥር ጨው ቢጨመርበት እርሱም ቡናማ ይሆን ነበር። ቲዲኤስ የሚባለው የኪስ መለኪያም የሚያሳየው በውኃው ውስጥ የሟሟውን የጨውና የማዕድን ጠቅላላ መጠን ብቻ ነው፤ ተሕዋስያን ወይም እርሳስ መኖር አለመኖሩን አይናገርም። ሰውን በልጁ ጤና አስፈራርቶ ዕቃ መሸጥ በእኔ እምነት ነውር ነው።

እርሳቸው ስለ ማጣሪያ አንድም ቃል ሳይናገሩ በናሙና ጀመሩ። ለእርሳስ ምርመራ የሚሆነውን አንድ ሊትር ውኃ የወሰዱት ሌሊቱን ሙሉ ሳይከፈት ካደረው የወጥ ቤት ቧንቧ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ እንኳ ሳታመልጥ ነው፤ ውኃው ለደቂቃዎች ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ሁለተኛውን ናሙና ቀዱ። ለተሕዋስያን ምርመራ የቧንቧውን ጫፍ ወንፊት ፈትተው አፉን በእሳት ለበለቡት፤ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበትን ንጹሕ ጠርሙስ የውስጥ ከንፈሩን ሳይነኩ ሞልተው በበረዶ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት። ቀሪውን ክሎሪን ግን እዚያው ለኩት፤ ክሎሪን ካለ ውኃውን ሮዝ የምታደርግ ኪኒን ጨመሩ፤ ስትሟሟ የቧንቧው ውኃ ሮዝ ሆነ፤ ከማጠራቀሚያ ታንከራችን የተቀዳው ግን ቀለሙ እምብዛም አልተለወጠም፣ ማለትም ክሎሪኑ ከሞላ ጎደል አልቆ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ናይትሬቱና ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሚፈቅደው፣ ማለትም በሊትር ከ50 ሚሊ ግራምና ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ በታች ነበሩ። በተለይ ናይትሬት በጡጦ በሚመገቡ ሕፃናት ደም ውስጥ ኦክስጅን የመሸከም አቅምን ስለሚቀንስና በማፍላትም ስለማይወገድ፣ ይህንን ስንሰማ እፎይ አልን። እርሳሱ ግን ባደረው ናሙና ላይ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ከሚለው ወሰን በላይ፣ ውኃው ከፈሰሰ በኋላ በተቀዳው ላይ ደግሞ ከወሰኑ በእጅጉ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህ ልዩነት ምንጩን አመለከተ፤ እርሳሱ የሚመጣው ከከተማው መስመር ሳይሆን ውኃው ሲተኛ ከሚያድርበት የቤታችን አሮጌ የነሐስ መክፈቻና የብየዳ መጋጠሚያ ነበር።

ስለዚህ ሻጩ ሊያስገባልን የነበረው ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውኃውን በግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጣራው መሣሪያ፣ እንደማያስፈልገን ነገሩን። ይህ ዘዴ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ አርሴኒክ ወይም ጨው ለበዛበት ውኃ ዋጋ የማይወጣለት ቢሆንም፣ ከሚያጣራው ጋር ብዙ ውኃ ወደ ፍሳሽ ስለሚለቅ፣ ችግሩ በሌለበት ቤት ብክነት ነው። የእኛ መፍትሔ አሮጌውን መክፈቻና መጋጠሚያ መቀየር፣ ከዚያም ዝገቱንና ደለሉን የሚይዝ ባለ 5 ማይክሮን ማጣሪያ አስቀድሞ ከኋላው የታመቀ የካርቦን ማጣሪያ መግጠም ሆነ። ካርቦን ሁሉ አንድ አይደለም። ኤንኤስኤፍ 42 የሚል (ኤንኤስኤፍ ለውኃ ማጣሪያዎች ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት ነው) ማረጋገጫ ያለው የክሎሪን ጣዕምና ሽታን ስለ መቀነሱ ብቻ ሊመሰክር ይችላል፤ ለጤና ጠንቆች የሚያገለግለው 53 ቁጥር ነው፤ እዚያም ቢሆን እርሳስ በስሙ ተጠቅሶ እንደሆነ ከዕቃው መረጃ ወረቀት ላይ ማየት ያስፈልጋል። አልትራቫዮሌት መብራትም ጠይቀናቸው ነበር። ተሕዋስያንን የሚያመክነው ውኃው ጥርት ያለ እንደሆነ ብቻ ነው፤ እርሳስንም አይነካም።

ታንከሩን አሳጥበን በክሎሪን እንድናጸዳ መከሩን። የካርቦን ካርትሪጅ ክሎሪኑን ስለሚያስቀር ጊዜው ካለፈ ተሕዋስያን እንደሚራቡበት አስጠንቅቀው፣ የሚቀየርበትን ቀን በዕቃው ላይ በእጃቸው ጻፉልን፤ ለሕፃኑም ምንጊዜም ከቀዝቃዛው መክፈቻ እንድንቀዳ ነገሩን፣ ሙቅ ውኃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟልና። ከገጠምን በኋላ ተመልሰው ያደረውን ውኃ እንደገና አስመረመሩ፤ እርሳሱም ከወሰኑ በታች ወርዶ ነበር።

ማጣሪያ አይሸጡም፣ ከሻጭም ኮሚሽን አይቀበሉም፤ የሚያስከፍሉት ለምርመራውና ለምክሩ ብቻ ነው። የላቦራቶሪውን ወረቀት ቁጥር በቁጥር አስረድተው ዋናውን ቅጂ ለእኛ ትተውልናል። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጃቸው ይባረክ። ውኃቸውን ለማስመርመር የምትፈልጉ በግል ብትጽፉልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ፤ ለእርሳስ ምርመራ ከሆነ ግን ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ሌሊት ቧንቧውን ቢያንስ ለ6 ሰዓት እንዳትከፍቱት አደራ።