ለሥነ ምግብ ባለሙያዬ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባችሁ እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ የሥነ ምግብ ባለሙያ አለች። እግዚአብሔር ያክብርልኝ! «ማን ጋ ነው የምትሄጂው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ በአደባባይ ላመሰግናትም ልጠቁማትም ወደድኩ።

እሷ ጋ ስሄድ ቢኤምአይዬ፣ ማለትም ክብደቴ ከቁመቴ ጋር ተመዛዝኖ የሚወጣው ቁጥር፣ 43 ነበር። 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከባድ ውፍረት ይባላል። በዚህ ኪሎ ሕክምና ቦታ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ያለፈበት ያውቀዋል። ቀደም ብዬ የሄድኩበት አንድ ቦታ ኪሎዬ ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተጠርቷል። እሷ ጋ መጀመሪያ በሩ ይዘጋል። የእጅ መደገፊያ የሌለው ሰፊ ወንበር አለ። ቁጥሩን ጽፋ ታሳየኛለች እንጂ ድምጿን ከፍ አድርጋ አትናገረውም።

ደግሞ አለካኳ! ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድ፣ ጭን ሁሉንም ትለካለች። ለወገብ ሜትሩን እንዲሁ እምብርት ላይ አትጠመጥመውም። የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንቱን የላይኛውን ጫፍ በእጇ ትፈልግና መሃሉን በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች። እኔን መሰል ሰው ላይ አጥንቱን ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ አትቸኩልም፣ አታማርርም። «እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» ትላለች። አየሩ ሲወጣ ታነባለች። ከዚያ ትደግመዋለች። ሴት ልጅ ወገቧ 88 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለስኳርና ለልብ በሽታ ያላት ተጋላጭነት በጣም ይጨምራል። የእኔ 126 ነበር።

የስኳር ኪኒን እንደምወስድ ስነግራት ሐኪሜ ሳያየኝ አልጀምርም አለች። ልክ ነበረች። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬት (እንጀራ፣ ዳቦ፣ ስኳር ውስጥ ያለውን) በአንዴ ሲቀንስ የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ሐኪሜ የኪኒኑን መጠን ቀነሰልኝና ገባንበት። ቲክቶክ ላይ የማቅጠኛ ሻይ የሚሸጡት ይህን አይጠይቁም። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ምግቡ በቀን ከ130 ግራም ካርቦሃይድሬት በታች እንዲሆን ነው ያወጣችልኝ፤ ግን ከእኛው ማዕድ። ስኳር፣ ጁስ፣ ዳቦ፣ ፓስታ ወጡ። ግማሽ እንጀራ ምሳ ላይ ቀረልኝ። ትሪው በጎመን፣ በእንቁላል፣ በአይብ፣ በዶሮ ሞላ። ጾም ሲገባ «ተይው» ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለችም። ሽሮና ምስሩን ካርቦሃይድሬት አላቸው ብላ በልክ አደረገችው። አቮካዶ፣ እንጉዳይ፣ ኦቾሎኒ፣ ተልባ ጨመረችበት። ዐቢይ ጾምን ሳላፈርስ ጨረስኩ።

ተአምር አልሸጠችልኝም፤ ከሁሉ የማመሰግናት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ቶሎ የሚወርደው ኪሎ አብዛኛው ውሃ መሆኑን አስቀድማ ነገረችኝ። በሰውነት የተከማቸው ስኳር ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ እሱ ሲያልቅ ውሃውም ይሄዳል። አሜሪካ ፊላደልፊያ የተሠራና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም አስረዳችኝ። 132 ከባድ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በ6 ወር ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 5.8 ኪሎ፣ ስብ የቀነሱት 1.9 ኪሎ ወርደዋል። በዓመቱ ግን ልዩነቱ ጠቧል። «ዋናው አንቺ ልትኖሪበት የምትችይው ምግብ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ ሚዛኑ ድርቅ ብሎ የቆመ ጊዜ አልደነገጥኩም። ወገቤ ያኔም እየወረደ ነበር። ዛሬ 113 ነው። ገና ብዙ ይቀረኛል። የሀበሻ ቀሚሴን ግን ልብስ ሰፊዬ ከጎኑ አጥብቦልኛል።

የኔ እመቤት፣ ይህን ካነበብሽ፣ ክብሬን ጠብቀሽ ስለያዝሽኝ እጅሽ ይባረክ።

እሷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉና የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ውጤታችሁን ያዙ። እርጉዝ የሆናችሁ፣ የምታጠቡ ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ መጀመሪያውኑ ንገሯት።