ለተጎዳ ጉበት የሚሸጠው የስቴም ሴል ፓኬጅ ገንዘቡ ይገባዋል?

ሲሮሲሱ (የጉበት መጠባሰስ) ሆድ ውሃ እስኪቋጥር ለደረሰ ሕመምተኛ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል፣ የሚሸጡ የውጭ አገር ክሊኒኮች በርክተዋል። ቤት ሸጦ ለዚህ መክፈልን አንመክርም።

የሚቀርበው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከራስ ነው፦ ጂ-ሲ-ኤስ-ኤፍ የሚባል መርፌ ለአምስት ቀን ያህል ተወግቶ ከመቅኔ ወደ ደም የወጡት ሴሎች በማሽን ይለቀማሉ። መርፌው ጣፊያን ያሳብጣል፤ የሲሮሲስ ሕመምተኛ ጣፊያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ ያበጠ ነው። ሁለተኛው ከእትብት ተወስዶ በላቦራቶሪ የተባዛ ሴል ነው፤ በብዛት በኪሎ ክብደት 1 ሚሊዮን ገደማ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። አብዛኛው መጀመሪያ ሳንባ ላይ ስለሚያዝ ጉበት የሚደርሰው ጥቂት ነው። በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) በቀጥታ ወደ ጉበት አርተሪ ሲሰጥ ደግሞ ለራጅ የሚረጨው ቀለም የተዳከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ታክመው «አልቡሚኔ ጨመረ፣ ሆዴ ጎደለ» የሚሉ ሰዎች እየዋሹ አይደለም። ነገር ግን ከሴሉ ጋር አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) በደም ሥር ከተሰጠ ቁጥሩ ለጊዜው ይወጣል። የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ ቴኖፎቪር የተባለውን የቫይረስ መድኃኒት ሲጀምር፣ ጠጪው መጠጥ ሲያቆም ጉበት በወራት ውስጥ ሊያገግም ይችላል፤ ምስጋናውን ግን ስቴም ሴሉ ይወስዳል። ማነጻጸሪያ ቡድን የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። በብሪታንያ 81 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ሪያሊስቲክ» ጥናት ከራስ የተለቀመውን ሴል ከመደበኛ ሕክምና ጋር አነጻጽሮ የጉበት አቅም መሻሻል አላገኘም፤ ሴል በወሰዱት ላይ ከባድ ጉዳቶች በዝተው ታዩ። በእትብት ሴል ተስፋ የሚሰጡ የእስያ ጥናቶች አሉ፤ ለሽያጭ ግን ገና ናቸው።

ለክሊኒኩ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ በበረዶ የተቀመጠው ሴል ከቀለጠ በኋላ ስንት በመቶው በሕይወት አለ? የጀርም ምርመራው ወረቀት የት አለ? ጥናት ነው ካሉ የምዝገባ ቁጥሩን ይስጧችሁ፤ እውነተኛ ጥናት ሴሉን አይሸጥም።

ገንዘቡ ካለ ቀድሞ የሚታሰበው ከዘመድ በሚለገስ ጉበት የሚደረግ ንቅለ ተከላ ነው። እስከዚያው የተቋጠረው ውሃ ከ5 ሊትር በላይ ሲቀዳ ለእያንዳንዱ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም አልቡሚን ይተካ፤ ያበጡ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) ይታሰሩ፤ ከጉበት ድካም ለሚመጣ የአእምሮ መደናገር ላክቱሎስ የተባለው የሚያስቀምጥ ሽሮፕ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እስኪያስወጣ ይሰጥ። ሴል የወሰደ ሰው ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ካለው የሆዱ ውሃ በዚያው ቀን ተቀድቶ ይመርመር፤ ኒውትሮፊሉ (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ250 ካለፈ አንቲባዮቲክ ወዲያው ይጀመር።