ያለ ኔትወርክ የሚበር ጌም፦ በርናውት ፓራዳይዝ ሪማስተርድ ከወራት ጨዋታ በኋላ

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ቤታችሁ ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4 የሚባለው የጌም ማሽን) ካለና የመኪና ጌም የምትወዱ ከሆነ በርናውት ፓራዳይዝ ሪማስተርድን ፈልጋችሁ ግዙት። እኔ ሲዲውን የገዛሁት ደሴ ፒያሳ ላይ ያገለገሉ ጌሞች ከሚሸጥ ልጅ ነው። ወራት አልፈዋል፣ እስካሁን ግን ከማሽኑ ውስጥ እምብዛም አይወጣም። ጌሙ አዲስ አይደለም። መጀመሪያ የወጣው በ2008 ነው፤ የታደሰው የፒኤስ 4 ቅጂ ደግሞ በ2018። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። እንዲህ አርጅቶም ከእሱ በኋላ ከወጡት ከብዙዎቹ ይልቅ ለእኛ ኑሮ የሚመቸው እሱ ነው። ለምን እንደሚመች የገባኝ የሠሩትን ሰዎች ታሪክ ሳነብ ስለሆነ ሁለቱንም አብሬ አወራለሁ።

መጀመሪያ የኔትወርክን ነገር። ወሎ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አለ ሲሉት ይጠፋል፤ ሲኖርም ዳታው ኪስ ይጎዳል። ከዘመኑ የመኪና ጌሞች ብዙዎቹ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እምብዛም አይራመዱም። ግራን ቱሪስሞ 7ን ውሰዱ። ድንቅ ሥራ ነው፣ ግን ብቻችሁን ስትጫወቱ እንኳ አብዛኛው ክፍሉ ከሰርቨር፣ ከኩባንያው ኮምፒውተር፣ ጋር ካልተገናኘ አይከፈትም። በማርች 2022 ሰርቨሩ ከ30 ሰዓት በላይ ሲቋረጥ ጌሙን በገንዘቡ የገዛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ዘ ክሩ የሚባለው ደግሞ በማርች 2024 መጨረሻ ሰርቨሩ ሲዘጋ ጌሙም አብሮ ሞተ። ሲዲው እጃችሁ ላይ ቢኖርም ፒኤስ 4 ላይ ዛሬ አይጫወትም። የበርናውት ፓራዳይዝ የ2008 ቅጂም የኦንላይን ሰርቨሩ በኦገስት 2019 ተዘግቷል፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ግን ከተማው እንዳለ ነው፣ መኪኖቹም አሉ። የእኔ ማሽን ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ጌሙ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

መብራት ሲሄድም ያው ነው። እያንዳንዱን ውድድር ስትጨርሱ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። መሀል ላይ ጠፍቶባችሁ የምታጡት የያዛችሁትን አንድ ውድድር ብቻ ነው፣ እሱም ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በሥርዓት አልጠፋሁም ብሎ ራሱን ይመረምራል፣ ከዚያ ቀጥታ መንገድ ላይ ናችሁ።

ይህ «ቀጥታ መንገድ ላይ» የሚባለው ነገር የጌሙ ነፍስ ነው። ሌላ የመኪና ጌም ላይ ውድድር ለመጀመር ስንት ገጽ ታልፋላችሁ? መኪና ምረጥ፣ ጎማ ምረጥ፣ ቦታ ምረጥ፣ ሎዲንግ ጠብቅ። እዚህ ከተማው ውስጥ ትነዳላችሁ፣ የትራፊክ መብራት ጋ ትደርሳላችሁ፣ ቆም ብላችሁ ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ ትጫናላችሁ። አለቀ። ጎማው እዚያው እየተሽከረከረ ያጨሳል፣ ውድድሩም ይጀምራል። እያንዳንዱ መብራት የራሱ ነገር አለው። አንዱ ጋ እሽቅድምድም ነው፣ አንዱ ጋ ሌሎቹን ከመንገድ እያስወጣችሁ የምትቆጥሩበት፣ አንዱ ጋ ደግሞ ሊሰባብሯችሁ ከሚያሳድዷችሁ የምታመልጡበት። መኪና ብትፈልጉም ከሱቅ አትገዙም። የምታሸንፉት ውድድር ሲበዛ አንድ አዲስ መኪና ከተማው ውስጥ መዞር ይጀምራል። ስታገኙት አሳዳችሁ ትገጩታላችሁ፣ ከዚያ የአሮጌ መኪኖች ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ስቱዲዮው ክራይቴሪየን ይባላል፣ እንግሊዝ አገር ጊልፎርድ ከተማ ነው ያለው። ሲጀምር ጌም ሠሪ አልነበረም። በ1993 ካኖን፣ ያ የካሜራው ካኖን፣ የ3ዲ ምስል ሶፍትዌር እንዲሠራለት ያቋቋመው ድርጅት ነበር። ሬንደርዌር የሚባል ሶፍትዌር ሠሩ፤ ለሌሎች ስቱዲዮዎችም ሸጡት። ጂቲኤ 3ን፣ ቫይስ ሲቲን፣ ሳን አንድሪያስን ተጫውታችኋል አይደል? ሦስቱም የተሠሩት በሬንደርዌር ነው። ጌም ቤት ተሰልፈን ሳን አንድሪያስ ስንጫወት ያደግን ሰዎች የእነዚህን ልጆች ሥራ ስማቸውን ሳናውቅ ስንበላው ኖረናል ማለት ነው።

ራሳቸው ጌም ሲሠሩ ሬድላይን ሬሰርንና ትሪክስታይልን የመሳሰሉትን አወጡ፣ በ2001 የመጀመሪያውን በርናውት። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከፊት በሚመጣ መኪና መስመር ገብተህ በአደገኛ ሁኔታ ስትነዳ ተጨማሪ ፍጥነት ይሰጥሃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያሳተመው አክሌም በ2004 ከሰረ። በዚያው ዓመት ትልቁ የጌም አሳታሚ ኢኤ ክራይቴሪየንን ጠቅልሎ ገዛውና ሦስተኛው በርናውት በኢኤ ስም ወጣ። ሌላውን መኪና ገጭቶ ማስወጣት፣ ቴክዳውን የሚሉት፣ የመጣው በዚህ ሦስተኛው ነው። ግዢው ግን ሬንደርዌርን ጎዳው። የተፎካካሪህ ንብረት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ጌምህን መሥራት ማን ይፈልጋል? ሌሎቹ ስቱዲዮዎች አንድ በአንድ ሸሹት።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው በጌሙ ላይ ስለሚታይ ነው። ከሥር ከመሠረቱ የማሽንን ጉልበት አሟጦ መጠቀም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ፓራዳይዝ በ2008 በፒኤስ 3 ላይ በሰከንድ 60 ምስል ያሳይ ነበር፤ ያኔ ብዙ ጌም በ30 ነው የሚሠራው። የታደሰውም 60 ነው። ቁጥሩ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ በዚያ ፍጥነት ስትበሩ ከኩርባው ጀርባ ብቅ ያለውን መኪና በጊዜ አይቶ መሪ ለመስበር የሚያስችላችሁ እሱ ነው። ያገለገለ፣ ማራገቢያው የሚጮህ፣ ተራ ፒኤስ 4 ላይ ሲንተባተብ አላየሁትም።

ግጭቱን ሳልናገር ባልፍ ግምገማ አይሆንም። በሙሉ ፍጥነት የድልድይ ምሰሶ ስትመቱ ድምፁ በድንገት ይሰክናል፣ ጊዜው ይዘገያል፣ ካሜራው ከጎን ይመጣል። ኮፈኑ እንደ ወረቀት ይታጠፋል። የፊት መስታወቱ ተሰባብሮ ይበተናል፣ ሞተሩ ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ጎማ ከነቸርኬው ተነቅሎ ብቻውን አስፋልቱ ላይ ይንከባለላል። ከዚያ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ተመልሳችሁ መንገድ ላይ ናችሁ። ግጭቱ ቀለል ካለና አንድም ጎማ ካልተነቀለ ደግሞ እንደተጨማደዳችሁ መንዳት ትቀጥላላችሁ። እንዲህ መሰባበር የተቻለው መኪኖቹ እውነተኛ ስም ስለሌላቸው ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ስማቸውን ለጌም ሲሰጡ መኪናቸው እንዲህ ድቅቅ ብሎ እንዲታይ አይፈልጉም። ክራይቴሪየን የራሱን ብራንዶች ፈጠረ፤ ሀንተር፣ ካርሰን፣ ክሪገር፣ ናካሙራ። የምትጀምሩበት መኪና ሀንተር ካቫልሪ ነው፣ አሮጌና ከባድ። እኔ አሁንም እየተመለስኩ እነዳዋለሁ።

ሚኒባስ የሚነዳ ጎረቤት አለኝ፣ ኮምቦልቻ ደሴ ነው መስመሩ። ከከተማው በስተምዕራብ ዋይት ማውንቴን የሚባል ተራራማ ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ ጆይስቲኩን ሰጠሁት። መንገዱ ልክ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል እንዳለው እንደ ሀረጎ ይጠማዘዛል፣ በአንድ ጎን ገደል፣ በሌላው ግድግዳ። እሱም በየኩርባው ፍሬን ይይዛል። ሁሉም እያለፈው ሄደ።

«አቦ ልቀቀው እንጂ፣ ፍሬኑን ተወው!» አልኩት።

«ወላሂ እግሬ አይፈቅድልኝም» አለኝ፣ በጣቱ እየተጫወተ። ከዚያ አንድ ጊዜ ለቀቀው፣ ገደል ገባ፣ ጮኸ፣ ተነስቶ ቆመ፣ ደግሞ ጀመረ። ያን ማታ ጆይስቲኩ ወደ እኔ አልተመለሰም።

እንከኑንም ልንገራችሁ። አንደኛ፣ እሽቅድምድሞቹ የሚያልቁት በ8 ቦታዎች ብቻ ነው። ከጊዜ በኋላ የከተማውን መንገድ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያ ደስ ይላል፣ ግን አጨራረሱ ይደጋገማል። ደግሞ ስትጨርሱ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ትቀራላችሁ፤ የጀመራችሁበት መብራት ጋ ለመመለስ እንደገና መንዳት ነው። ሁለተኛ፣ በመንገዱ ላይ ቀስት የለም። ታጠፍ የሚላችሁ ከስክሪኑ በላይ ብልጭ የሚል የመንገድ ስም ነው፤ ዓይናችሁ ወደዚያ ሲሄድ ከፊት ያለው መኪና ይቀበላችኋል። ይህን ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሦስተኛ፣ ዲጄ አቶሚካ የሚባል የራዲዮ ሰውዬ በእንግሊዝኛ ያለማቋረጥ ያወራል፣ እኔ ድምፁን ቀንሼዋለሁ። ውድድር እንደገና መጀመር አይቻልም የሚል ቅሬታ ድሮ ይሰማ ነበር፤ እሱ በኋላ በወጣ አፕዴት ተስተካክሏል፣ የታደሰው ላይም አለ።

ትልቁ ጉድለቱ ስክሪን ለሁለት ከፍሎ ማጫወት አለመቻሉ ነው። እኛ ጌም የምንጫወተው ከሰው ጋር ነው፣ ጌም ቤት የለመደ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ይከፋዋል። ሦስተኛው በርናውት ይህ ነበረው፣ ፓራዳይዝ ላይ ግን ቀረ። ነገር ግን በ2009 የወጣ ፓርቲ የሚባል ክፍል አለ፣ የታደሰው ሲዲ ላይ ተካቷል። እስከ 8 ሰው አንዱን ጆይስቲክ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይጫወታል። አንዱ ረጅም ዝላይ ይዘላል፣ ቀጣዩ ይሞክረዋል፣ ነጥብ ይያዛል። ዒድ ላይ ዘመድ ሲሰበሰብ የከፈትኩት እሱን ነው። ጌም ነክታ የማታውቅ እህቴ ሳትቀር ተሰልፋ ተራዋን ጠበቀች፣ ልጇን አሸነፈችው፣ እሱም «እማዬ ደግሞ አንዴ!» እያለ ሲለምናት አመሸ። ሁለተኛ ጆይስቲክ ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ልጆች ላሉት ቤት የሚሆን ሌላም አለ። ውድድሩ ከከበዳቸው ዝም ብለው እየዞሩ ይሰብራሉ። ዋናው ከተማ ውስጥ 400 ቢጫ አጥር፣ 120 የማስታወቂያ ሰሌዳና 50 ትልልቅ ዝላይ ተበትኗል። የእህቴ ልጅ ውድድር አይጀምርም፣ ሥራው ሰሌዳ ፍለጋ ነው፤ ከፓርኪንግ ጣሪያ ላይ ተወርውሮ አንዱን የሰበረ ዕለት ጠርቶኝ ደጋግሞ አሳየኝ።

ከዚህ ጌም በኋላ ስቱዲዮው የሄደበት መንገድ ግን ያሳዝነኛል። ኒድ ፎር ስፒድ ከሚባሉት የኢኤ የመኪና ጌሞች በ2010 ሆት ፐርሱትን፣ በ2012 ሞስት ዎንትድን ሠሩ፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። በ2013 አብዛኛው ሠራተኛ ጎስት ጌምስ ወደሚባለው የኢኤ ስቱዲዮ ተዛወረና ክራይቴሪየን ውስጥ 17 ሰው ገደማ ብቻ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በርናውትን የመሩት አሌክስ ዋርድና ፊዮና ስፔሪ ለቀው የራሳቸውን ትንሽ ስቱዲዮ ከፈቱ፤ በ2019 ያወጡት ዴንጀረስ ድራይቪንግ የበርናውት ደም ያለው ነው። የፓራዳይዝ እድሳት ራሱ የተሠራው ስቴላር በሚባል ሌላ ስቱዲዮ ነው። ክራይቴሪየን በ2020 ኒድ ፎር ስፒድን መልሶ ተረከበ፣ በ2022 አንባውንድን አወጣ። በ2023 ደግሞ አብዛኛው ሰው ባትልፊልድ ወደሚባለው የጦርነት ጌም እንዲዞር ተደረገ። መኪና እንዴት እንደሚሰበር ከማንም በላይ የሚያውቁ እጆች ዛሬ መሣሪያ እየሠሩ ነው። አዲስ በርናውት እስካሁን የለም፣ እኔ ግን ቢወጣ በመጀመሪያው ሳምንት እገዛዋለሁ።

ለምትገዙ፦ ሽፋኑ ላይ ሪማስተርድ የሚለውን እዩ፣ የፒኤስ 3 ሲዲ ፒኤስ 4 ላይ አይሠራም። ሲዲውን ብርሃን ላይ ገልብጡት፤ ከመሀል ወደ ጠርዝ የሄደ ጭረት ብዙም አይጎዳም፣ ዙሪያውን የዞረ ከሆነ ተዉት። ሻጩ ማሽን ካለው እዚያው ኢንስቶል እስኪያልቅ ጠብቁና አንድ ውድድር ተጫወቱ። የጆይስቲኩ አር 2 የሚባለው ቁልፍ የላላ ከሆነም አስቀድማችሁ አሠሩት፣ ነዳጁ እሱ ላይ ነው፤ ግማሽ እየሰጠ መኪናው ሰነፍ ይመስላችኋል።