«1050 ቲአይ» ወይም «3050» ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝታችሁ፣ ትንሽ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) ሰክታችሁ ጌም ለመጫወት ያሰባችሁ ሁሉ ተጠንቀቁ። «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ ፓክድ» ተብለው ከሚሸጡት ካርዶች መካከል ጨርሶ 1050 ቲአይ ያልሆኑ አሉ። ከነካርቶናቸው፣ ከነፕላስቲካቸው የሚሸጡ ሐሰተኛ ካርዶች ናቸው።

የአክስቴ ልጅ አንዱን ገዝቶ መጣ። ዊንዶውስ በደንብ ይከፍታል፣ ዩቲዩብ ያጫውታል፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥም ስሙ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብሎ ተጽፏል። ጌም ሲከፈት ግን ትንሽ ይሄድና ስክሪኑ ይጠቁራል። መጀመሪያ ራሙን፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥረን ነበር። እኔን ያነቃኝ ሻጩ የነገረው ነገር ነው፦ «ድራይቨሩን በዚህ ፍላሽ ካለው ጫን፣ አፕዴት እንዳታደርገው» ብሎታል (ድራይቨር ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው)። ደህና ካርድ የሚሸጥ ሰው እንዲህ አይልም።

ካርዱን አውጥተን ስናየው ከኤችዲኤምአዩ ጎን ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ አለው። 1050 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የፓስካል ትውልድ ካርድ ነው፤ ቺፑ ደግሞ ቪጂኤ የሚፈልገውን የአናሎግ ምስል በራሱ አያወጣም። ስለዚህ 1050 ቲአይ ተብሎ ቪጂኤ ያለው ካርድ ካያችሁ እዚያው ላይ ቁሙ። ቀጥለን ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትን። የኤንቪዲያ አርማ መኖር ባለበት ቦታ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ ከካርዱ ስም ፊት ደግሞ በቅንፍ «ፌክ» የሚል ቃል ወጣ። ቺፑ ጂኤፍ116 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ላይ የነበረው። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኮር (ትንንሽ የስሌት ክፍሎች) አለው፣ ይሄኛው 192።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአሮጌ ካርዶች ላይ ቺፑን ይወስዱና ባዮሱን (ካርዱ ውስጥ የተጻፈውን መለያና ማስነሻ ፕሮግራም) ቀይረው ይጽፉበታል። ኮምፒውተሩ የካርዱን ስምና የሜሞሪውን መጠን የሚያነበው ከዚያ ባዮስ ስለሆነ፣ የተጻፈለትን አምኖ ያሳያችኋል። ካርዱ ላይ ያለው 1 ጊጋ ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ላይ 4 ጊጋ ይላል። ጌሙ ከእውነተኛው ሜሞሪ በላይ ሲጠይቅ ነው እንግዲህ ስክሪኑ የሚጠቁረው፣ ወይም ምስሉ የሚበላሸው። ድራይቨር አፕዴት አታድርግ የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ኤንቪዲያ ይህ ቺፕ ላለበት ለፌርሚ ትውልድ አዲስ ድራይቨር ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ያለውን ስትጭኑበት ካርዱ አይነሳም። ቩልካን የተባለውን የግራፊክስ ሥርዓት የሚጠይቁ ጌሞችንም ጨርሶ አይከፍትም።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ዲቫይስ ማኔጀር ከፍቶ «ይኸው ስሙን እይ» የሚል ሻጭ ምንም አላሳያችሁም። ጂፒዩ-ዚ መጫን አያስፈልገውም፣ በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ ከፍላሹ ላይ ትከፍቱታላችሁ። ከ2.12 ወዲህ ያለው እትም እንዲህ ያሉ አሮጌ የኤንቪዲያ ቺፖችን ለይቶ ያጋልጣል። አንዳንዱን ላያውቀው ስለሚችል ስሙን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ለ1050 ቲአይ ቺፑ ጂፒ107፣ ኮሩ 768፣ ሜሞሪው ጂዲዲአር5፣ ባሱ (የሜሞሪው መንገድ ስፋት) 128 ቢት መሆኑን አረጋግጡ። ለጂቲኤክስ 1650 ከሆነ ኮሩ 896 ነው። ከዚያ አንድ ከበድ ያለ ጌም ለሩብ ሰዓት ያህል ይሂድ። «ሱቁ ውስጥ መሞከሪያ ኮምፒውተር የለንም» ካሏችሁ የራሳችሁን ተሸክማችሁ ሂዱ። ኤስኤፍኤፍ ኬዝ (ትንሹ የዴስክቶፕ ዓይነት) በእጅ የሚያዝ ነው፣ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሐሰተኛ ካርድ አይደለም፤ ካርዱ እውነተኛ ሆኖ ዋጋው የሚያታልል ነው። ይሄኛው በይበልጥ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ችግሩ የሚጀምረው ከስያሜው ነው። ኤንቪዲያ «አርቲኤክስ 3050» በሚል ስም ሁለት የተለያዩ ካርዶች አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የወጣው 8 ጊጋ ሜሞሪ፣ 2560 ኮርና 128 ቢት ባስ አለው፤ የወጣበት ዋጋ 249 ዶላር ነበር። በየካቲት 2024 የወጣው 6 ጊጋ ነው፦ 2304 ኮር፣ 96 ቢት፣ 169 ዶላር። የሜሞሪው ፍጥነት በሰከንድ ከ224 ጊጋባይት ወደ 168 ወርዷል። በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ግን ሁለቱም «3050 ብራንድ ኒው» ናቸው፤ ስንት ጊጋ እንደሆነ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም። ባለ 6 ጊጋውን በባለ 8 ጊጋው ዋጋ የተጠየቁ ሰዎች አውቃለሁ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከዶላር አንጻር በወደቀበት በዚህ ጊዜ፣ የ80 ዶላር ልዩነት በብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

ለኦፕቲፕሌክስና ለኤሊትዴስክ ኤስኤፍኤፍ የሚሆነው ግን ራሱ ባለ 6 ጊጋው ነው፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ካርዱን መበደል ይሆንብኛል። የሚወስደው 70 ዋት ብቻ ነው፣ ከማዘርቦርዱ ስሎት ላይ ይበቃዋል፣ ተጨማሪ ገመድ አያስፈልገውም። ሎው ፕሮፋይል (ቁመቱ ያጠረ) ሆኖ የተሠራም አለ። በትክክለኛ ዋጋው ካገኛችሁት ለእነዚህ ትንንሽ ኬዞች ዛሬ ከማውቃቸው ካርዶች የምመርጠው እሱን ነው። ባለ 8 ጊጋው 130 ዋት ይፈልጋል፤ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ገመድም ይጠይቃል። ኦፕቲፕሌክስ 7050 ኤስኤፍኤፍ ያለው ፓወር ሰፕላይ 180 ዋት ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድም የለውም።

እዚህ ላይ ነው አደገኛው ነገር የሚመጣው። ገመድ የለም ስትሉ አንዳንድ ሱቅ ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው መሰኪያ) ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር አዳፕተር አውጥቶ ይሰጣችኋል፣ አንዳንዴ «በነፃ»። እባካችሁ አትቀበሉ። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት በኩል የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒኑ ደግሞ እስከ 75 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ሥራው ሲከብድ የመሰኪያው ፕላስቲክ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳት ሊነሳም ይችላል። በዚያ ኮምፒውተር ጎን የሚተኛ ልጅ ያለው ቤት ብዙ ነው።

ሎው ፕሮፋይል ሲባል ቁመቱ አጠረ ማለት ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። የአብዛኞቹ ሎው ፕሮፋይል 3050ዎች ውፍረት የሁለት ስሎት ነው። ኬዛችሁን ከፍታችሁ ከትልቁ ስሎት አጠገብ ፓወር ሰፕላይ ወይም ሌላ ነገር ተጠግቶ እንደሆነ እዩ፣ በማስመሪያም ለኩ። አጭሩ የብረት ማሰሪያ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩንም ሳትወጡ አረጋግጡ፤ እሱ ከሌለ ካርዱ ኬዙ ውስጥ አይታሰርም።

ስለ ኤኤምዲ አርኤክስ 6400 የምለው አጭር ነው። ትንሽ ናት፣ የምትወስደው 53 ዋት ነው፣ ባለ አንድ ስሎት ሆና የተሠራችም ስላለች ብዙ ሰው ይጓጓላታል። ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር ከሚያገናኙት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች የምትጠቀመው ግን 4 ብቻ ነው። ኢንቴል እስከ 10ኛ ጄኔሬሽን ያሉት ዴስክቶፖች ፍጥነቱ ዝቅ ያለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ስለሆኑ፣ 4 ጊጋው ሜሞሪ ሲሞላ ፍጥነቷ ክፉኛ ይወርዳል። የቪዲዮ ኢንኮደርም የላትም፤ ጌማችሁን እየቀዳችሁ ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ካሰባችሁ ሥራው ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። የእኛ ገበያ ኮምፒውተሮች ደግሞ አብዛኞቹ ከ10ኛ ጄኔሬሽን በታች ስለሆኑ፣ የፍጥነቱ ችግር ይነካቸዋል።

ዱባይ ያለ ዘመድ እንዲልክላችሁ የምትጠይቁም «1050 ቲአይ አምጣልኝ» ብቻ አትበሉት። ሙሉ ስሙን፣ የሜሞሪውን መጠንና የአምራቹን የሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ላኩለት፣ ቪጂኤ ያለው እንዳይገዛም ንገሩት። እሱ ቴክኒሻን አይደለም፣ ሻጩ ያሳየውን ነው የሚገዛው፤ ካርዱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ደረሰኝ ላይ «ግራፊክስ ካርድ» ተብሎ እንዲጻፍላችሁ አትፍቀዱ። «አርቲኤክስ 3050 8 ጊጋ» ከሆነ የገዛችሁት፣ እንደዚያው ይጻፍ፤ የካርዱ ሲሪያል ቁጥርም ይጨመርበት። የአክስቴ ልጅ ሊመልስ ሲሄድ «እኛም ከአስመጪ ነው የተቀበልነው» ተባለ። ሊሆን ይችላል፤ ግን ድራይቨሩን አፕዴት እንዳታደርግ ያለው አስመጪው አይደለም። ደረሰኙ ላይ የካርዱ ስም ስላልነበረ የምንይዘው ነገር አጣን፣ ከብዙ ክርክር በኋላም የመለሱለት የከፈለውን ግማሽ ነው።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ዛሬውኑ ጂፒዩ-ዚ ክፈቱና እዩ። ፌክ ካለ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ፣ ካርዱን ከነካርቶኑና ከነፍላሹ ያዙ፣ ሳትዘገዩም ወደ ሻጩ ሂዱ። ባዮሱን ራሳችሁ ለመቀየር አትሞክሩ፤ ከነካችሁት «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይሏችኋል። ለሌላ ሰው ደግሞ በ1050 ቲአይ ስም መልሳችሁ አትሽጡት።