ለሰፈራችን ጠበቃ ምስጋና፣ በጎረቤት ጠብ ጣቢያ ለተጠራም ጥቆማ

በአጥር ወሰን፣ በጣሪያ ፍሳሽ፣ በልጆች ጠብ የተነሳ የፖሊስ መጥሪያ ለደረሰው ሁሉ ያለ ክፍያ የሚያማክሩትን የሰፈራችንን ጠበቃ የእድሩ ኮሚቴ ከልብ ያመሰግናል። ስሜ አይጻፍ ስላሉ ትተነዋል፤ የሚፈልጋቸው ስልካቸውን ከእድሩ ጸሐፊ ይውሰድ።

ብዙ ሰው የሚጠይቃቸው «ሳልያዝ ዋስ ልጥራ?» ብሎ ነው። ሕንድ አገር እንዲህ ያለ ዋስትና አለ፤ በእኛ የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ዋስትና የሚጠየቀው ከተያዙ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ወረቀት ማሰናዳት ብቻ ነው። መጥሪያ ደርሶት የጠፋ ሰው መያዙ አይቀርም፣ መጥፋቱም ኋላ «ቢለቀቅ አይቀርብም» ለሚለው መርማሪ ስንቅ ይሆናል። ስለዚህ ጠበቃችን በጠዋት፣ በገዛ እግር፣ ዋስ አስከትሎ መሄድን ይመክራሉ።

ስድብ፣ ዛቻና የእጅ እልፊት ጽኑ እስራት ስለማያስቀጡ በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 28 መሠረት መርማሪው ራሱ በመታወቂያ ዋስ ሊለቅ ይችላል። የዋሱ መታወቂያ የታደሰ ይሁን። ካልለቀቀ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። እዚያ ለፖሊስ ምርመራውን እንዲጨርስ የሚፈቀደው ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። «ምስክር ይቀረናል» ሲባል ጠበቃችን የሚያነሱት ጥያቄ አጭር ነው፦ ስንት ምስክር ቀረ? የእነሱን ቃል ለመቀበል የዚህ ሰው መታሰር ምን ያደርጋል?

ትልቁ ጣጣ ያለው የሐኪም ወረቀት ላይ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳት እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ነው፣ ያውም በግል አቤቱታ፣ ማለትም ተበዳዩ ራሱ ካመለከተ ብቻ። ዱላ ወይም ድንጋይ ከገባበት አቤቱታ አያስፈልገውም፣ ቅጣቱም ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ይሆናል። አንቀጽ 555፣ ከባዱ ጉዳት፣ ጣሪያው 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ክስ፣ እንዲሁም የግል ተበዳዩ ሊሞት ይችላል በሚባልበት ጊዜ ዋስትናን ይዘጋል። በመጀመሪያው ሌሊት ከድንገተኛ ክፍል በወጣች ብጣሽ ወረቀት 555 ተብሎ የተመዘገበ ሰው ዋስትናው አደጋ ላይ ነው። ጠበቃችን የመጨረሻው የሕክምና ማስረጃ ይቅረብ ይላሉ፤ ተበዳዩ ከሆስፒታል ወጥቶ ከሆነም ይህንኑ በጽሑፍ ያስመዘግባሉ።

ዳኛው ከፈቀዱ በኋላም ሰው በወረቀት ጉድለት ያድራል። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ የገንዘብ ቤቱ ሰዓት ሳያልፍ አስገብቶ ሞዴል 85 የሚባለውን ደረሰኝ መያዝ ነው። የሰው ዋስ ከሆነ ደመወዙን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። በመኪና ሊብሬ መዋስ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው እንዳይሸጥ የሚያግደው ደብዳቤ መኪናው ወደተመዘገበበት ቢሮ ደርሶ ማረጋገጫው እስኪመለስ ድረስ ሰውየው ውስጥ ነው። «ይፈታ» የሚለውን የፍርድ ቤት የመፍቻ ትዕዛዝም ተከታትሎ ጣቢያ የሚያደርስ አንድ ሰው መድቡ። ዋስትና ከተከለከለ ይግባኙ በ20 ቀን ውስጥ ነው።

ስለ ሽምግልናም አንድ ነገር፤ እድር ነንና ጠልተነው አይደለም። ሽማግሌ ምርመራው ሳያልቅ ምስክር ቤት ከሄደ መርማሪው «ምስክር ያባብላሉ» ይላል፣ ይህም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ዋስትና ማስከልከያ ነው። ሽማግሌ የሚሄደው ተበዳዩ ዘንድ ብቻ ነው። በግል አቤቱታ በሚያስከስሰው ጉዳይ ተበዳዩ አቤቱታውን ካነሳ ነገሩ ያበቃል፤ በ555 ግን እርቁ ቅጣት ያቀል እንደሆነ እንጂ ክሱን አይዘጋም።

ጠበቃችን ቅዳሜ ጠዋት በእድሩ የዕቃ ቤት ይቀመጣሉ። መጥሪያውን፣ የሐኪም ወረቀቱን ቅጂና የዋሳችሁን መታወቂያ ይዛችሁ ኑ።